ብትጠፉ ቁሙ፦ የአንድ ክረምት የሥራ ማስታወሻ ከሐዋሳ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዘንድሮ ክረምት የሠፈራችንን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ዱር ላውላቸው ከወላጆቻቸው ጋር ተስማምቻለሁ። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 12 ነው። የእህቴ ልጆች አሉበት፤ ከገጠር ለትምህርት መጥተው አክስታቸው ቤት የተቀመጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉበት፤ የቀሩት ከኮብልስቶን ወርደው የማያውቁ የከተማ ልጆች ናቸው። አብረውኝ የሚሠሩት ጡረታ የወጡ የደን ጠባቂ ጎረቤታችን ናቸው። ልጆቹ እሳቸውን «ጋሼ»፣ እኔን «ቲቸር» ይላሉ። የምንውልበት ቦታ አላሙራ ተራራ ግርጌ ያለ የዘመድ ጓሮና የሐይቁ ዳር ነው፤ መጨረሻ ላይ ታቦር ተራራ እንወጣለን።

ዛሬ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው። «ጫካ ውስጥ ብቻችሁን ቀራችሁ እንበል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» አንዱ «እሮጣለሁ» አለ። አንዷ «ለማሚ እደውላለሁ» አለች፤ በየትኛው ስልክ ስላት ዝም። «ዛፍ ላይ እወጣለሁ»፣ «ወንዝ ተከትዬ እወርዳለሁ»፣ «ጅብ ከመጣ በድንጋይ ነው የምለው» የሚሉም ነበሩ። የ7 ዓመቷ ትንሿ በመጨረሻ «አለቅሳለሁ» ስትል ሳቁባት። እኔ ግን ከሁሉም የተሻለው መልስ የእሷ ነው ባይ ነኝ። የሚያለቅስ ልጅ አንድ ቦታ ቁጭ ይላል፤ ድምፁም ይሰማል።

ሥራውን የነደፍኩት በዚሁ ሐሳብ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሎማር ተራራ ላይ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከቤተሰቡ ተነጥሎ ጠፋ፤ ብዙ ሰው ወጥቶ ቢፈልገውም በሕይወት አልተገኘም። ከፈላጊዎቹ አንዱ የነበረው አብ ቴይለር የተባለ ዱካ አዋቂ ከዚያ በኋላ ለልጆች የሚሆን ትምህርት አዘጋጀ። ፍሬ ነገሩ መጥፋትህን እንዳወቅህ አጠገብህ ያለውን ዛፍ እቀፍ፣ ከዚያም አትነቃነቅ ነው። የሚሄድ ልጅ በየሰዓቱ የሚፈለግበትን አገር ያሰፋዋል፤ ተፈትሾ የታለፈ ቦታ ተመልሶ ሊገባም ይችላል። የቆመ ልጅ ያው ባለበት ነው። እሳቱም፣ መጠለያውም፣ ውኃውም በእኔ ዕቅድ ውስጥ የገቡት ልጁ በቆመበት እንዲሰነብት እስከረዱት ድረስ ብቻ ነው።

ይኸው ትምህርት ወላጆች የልጃቸውን ጫማ በአሉሚኒየም ፎይል ላይ አስረግጠው የሶሉን ምልክት እንዲያስቀምጡ ይመክራል፤ ፈላጊ የትኛው ዱካ የማን እንደሆነ እንዲለይ። እኛ ፎይል አላስፈለገንም፤ የሐምሌ ጭቃ አለልን። ችግሩ ከልጆቹ ግማሹ ኮንጎ ጫማ ማድረጋቸው ነው። የሁሉም ሶል አንድ ነው፤ ቁጥሩ ካልሆነ የሚለይ ነገር የለውም። ጋሼ ሰንጢያቸውን አወጡና የእያንዳንዱን ተረከዝ ጠርዝ ለየት ባለ ቦታ ጫር ጫር አደረጉለት፤ የአንዱን ግራ፣ የአንዱን መሀል፣ የአንዷን ሁለት ቦታ። ከዚያ ጭቃው ላይ አስረግጠን «ይሄ የማን ነው?» ተጫወትን። ማታ አንዲት እናት ደውላ አዲስ ጫማ መቀደዳችንን በትሕትና ነግራኛለች።

የቤት ሥራ፦ የእናት ወይም የአባት ስልክ ቁጥር በቃል። ዛሬ በቃሏ ያወቀችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

ሐምሌ 12

እንደ ዕድል ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ወጣ፤ ሐይቁ ዳር ወርደን አቅጣጫ ሠራን። ከተማችን ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ሐይቁ የታየበት ወገን ምዕራብ ነው። ይሄንን ካወቁ የሐዋሳ ልጆች ከብዙ ከተማ ልጆች ይሻላሉ። ሐይቁ በማይታይበት ቦታ ግን እንጨትና ጥላ ያስፈልጋል።

1 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ተከልን። የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀመጥን። 20 ደቂቃ ያህል ጠብቀን ጥላው በደረሰበት ሁለተኛ ጠጠር አስቀመጥን። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ጥላ ወደ ምሥራቅ ይሸሻልና። በሁለቱ ጠጠሮች ላይ መስመር አስምረን ብናይ የመጀመሪያው ጠጠር ወደ ውኃው ነው ያመለከተው። ልጆቹ በጣም ተደሰቱ፤ እኔ አስተማርኳቸው ከማለት ሐይቁ መሰከረላቸው ቢባል ይሻላል።

እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ልጆቻችንን ያሳስታሉ። «እኩለ ቀን ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ይላሉ፤ ይሄ ለአውሮፓ ልክ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት፤ ጥላችን የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ዛሬ የእንጨቱ ጥላ አጥሮ አጥሮ ሩብ ሜትር ያህል ሲደርስ በዲላ መንገድ በኩል ተጋድሞ ነበር። ያጠረውም ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ 6 ተኩል አልፎ ነው። የአገራችን ሰዓት የተለካው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ እኛ ያለነው ከዚያ በስተ ምዕራብ 38 ተኩል አካባቢ ስለሆነ ፀሐይ ትዘገይብናለች።

የእህቴ ልጅ የእጅ ሰዓት አለው። ትንሹን ቆጣሪ ወደ ፀሐይ አዙሮ ደቡብን ማግኘት የሚባለውን ዘዴ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ኖሮ ሊያሳየን ፈለገ። የእሱ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ትንሹ ቆጣሪ 6 ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዘዴው ግን 12ን የሚጠብቅ ነው። ሰዓቱን በፈረንጅ ብናስተካክለው እንኳ ፀሐይዋ ራሷ በክረምት በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ለእኛ አይሠራም። ልጁ ትንሽ ከፋው። «እንጨቱ ይበልጣል ማለት ነው?» አለኝ። አዎ።

ለ7 ዓመት ልጅ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። አቅጣጫ ዐውቃ ትሄዳለች ብዬ አይደለም። ጥላ የምትጠብቅ ልጅ ግን 20 ደቂቃ ቁጭ ትላለች።

ሐምሌ 19

ዝናብ። ወላጆች «ዛሬም አለ?» ብለው ደወሉ። ዛሬ እንዲያውም ዋናው ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ይዤ ነበር፤ ለፊት የሚሆን ሰፊ ቀዳዳ አስቀድሜ ቆርጬለት። ይሄም ከውጭ የተወሰደ ነው፤ ፌስታሉን ከላይ ጠልቀው ውስጡ ኩርምት ይላሉ። ሳላሳያቸው ከገጠር ከመጡት ወንድማማቾች ታላቁ ጥግ ላይ የተጣለውን የማዳበሪያ ከረጢት አነሳ። ከታች ካሉት ሁለት ማዕዘኖች አንዱን በጡጫው ወደ ውስጥ ገፋው፣ ሌላው ማዕዘን ውስጥ ሄዶ እስኪገጥም። ሁለቱ ሲነባበሩ ሹል ቆብ ሆነ። እሱን አናቱ ላይ ደፋና የቀረውን በትከሻውና በጀርባው ለቀቀው፤ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠርዝ አንዴ ዕጥፍ አድርጎ ውኃው ዓይኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ አደረገ። አንድ ደቂቃም አልፈጀበትም። ከብት ሲጠብቅ እንዲህ ነው የሚውለው።

ዝናቡ ላይ ወጥተን ሁለቱን አወዳደርን። የማዳበሪያው ፊትን አይሸፍንም፤ ጆሮ ይሰማል፤ ዓይን ያያል፤ ለትንሽ ልጅ መታፈን የሚባል ሥጋት የለበትም። ፌስታሉ በነፋስ ይንኳኳል፣ አጋም ሲነካው ይቀደዳል። በሌላ በኩል ከረጢቱ የተሸመነ ስለሆነ ቆይቶ ያሳልፋል፤ የውስጥ ላስቲክ ያለው ከሆነ ግን ፌስታሉ አጠገቡም አይደርስ። ከዛሬ ጀምሮ የሁላችንም ዕቃ ላስቲክ ያለው ማዳበሪያ ነው። የከተማዎቹ ልጆች ማዕዘኑን መግጠም አቅቷቸው ሲታገሉ ያ ዝምተኛ ልጅ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ሲያስተካክልላቸው ዋለ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ሲናገር አልሰማሁትም ነበር።

«የሐዋሳ ብርድ ምን አላት» ይባላል። ደረቅ ለሆነ ሰው ልክ ነው። የራሰና ነፋስ ያገኘው ልጅ ግን ውርጭ ባይኖርም ሙቀቱን ያጣል፤ ከሁሉ በላይ የሚመጠው እርጥብ መሬት ነው። ስለዚህ ከላይ ከመልበስ በፊት ከሥር ማንጠፍ፦ የኮባ ቅጠል፣ በላዩ ቅጠላ ቅጠል፣ ከዚያ ቁጭ። ቁመቱ ሲቀመጡበት አንድ ስንዝር ካልቀረ አይበቃም።

8 ሰዓት ላይ ነጎድጓድ መጣ። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ እየቆጠርን ድምፁን ጠበቅን፤ በየ3 ሴኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሳይደርስ ከተሰማ ወደ ቤት መግባት፣ የመጨረሻው ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ አለመውጣት። 18 ላይ ሰማን፤ ገባን። ቤት ውስጥ ሆነን ያቺ ትንሿ «ቲቸር፣ ዛፍ እቀፉ ብለውን አልነበር?» አለች። ይሄን ጥያቄ ከትልልቆቹ ነበር የጠበቅኩት። መልሱ፦ መብረቅ ካለ ዛፍ አይታቀፍም፤ ብቻውን ከቆመ ረጅም ዛፍ፣ ከኮረብታ አናት፣ ከውኃ መራቅ፤ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ከሌለ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ መሀል ዝቅ ብሎ፣ ተራርቆ መጠበቅ። ከዚያ ወዲያ ዛፉን «ጓደኛ» እንጂ «እቀፉ» ማለት ትቻለሁ።

ሐምሌ 26

እሳት። ክብሪት የሚጭሩት ከ10 ዓመት በላይ የሆኑት ብቻ ናቸው። ነጠላና ሻርፕ ይወልቃል፤ ፀጉር ይታሰራል። መሬቱ በአካፋ ተጠርጎ አንድ ሜትር ዙሪያው ባዶ ሆነ። ባልዲ ውኃ አጠገብ።

ክረምት ላይ ደረቅ እንጨት መሬት ላይ አይፈለግም። ጋሼ የቆመ ደረቅ ቅርንጫፍ አሳዩአቸው፤ ሲሰበር ቀጭ የሚል። ውጪው ቢረጥብም ፍልጡ ውስጡ ደረቅ ነው። የባሕር ዛፍ ልጥም ተጠቅልሎ የሚንጠለጠለው የውስጥ ፊቱ አይረጥብም። ጭራሮ በሦስት ክምር አስለየናቸው፦ የመርፌ ውፍረት፣ የእስክሪብቶ ውፍረት፣ የአውራ ጣት ውፍረት። ልጆች ሁሌ የሚሳሳቱት ከመርፌው ቀጥታ ወደ ግንዱ በመዝለል ነው።

ያገኘነው ጥሩ ነገር ጧፍ ነው። ክር በሰም ስለተነከረ ከክብሪት የበለጠ ይቆያል፤ ነፋስም ቶሎ አያጠፋው። ጣት የሚያህል ቁራጭ ጧፍ፣ ክብሪቱ ጋር በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ ኪስ ይገባል። አንዲት አያት «የቤተ ክርስቲያን ነገር ለጭራሮ ማቀጣጠያ?» ብለው ተቆጥተዋል፤ ከሱቅ የተገዛ፣ ያልተባረከ መሆኑን ነግሬ ታርቀናል።

ያጠፋነው በውኃ ነው፤ አማስለን፣ እንደገና ውኃ፣ ከዚያ በእጅ ጀርባ አመዱን ዳሰስን። ረመጥ አፈር ለብሶ እስከ ማግስቱ ያድራል። አንዱ ቡድን አፈር ብቻ አልብሶ ጨረስኩ ሲል ጋሼ ግማሽ ሰዓት አስጠብቀው ጭራሮ ወደ ውስጥ ሰኩበት። ጨሰ።

እውነቱን ለመናገር ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት ይሄን ቀን ነው፤ ለጠፋ ልጅ ከሁሉ ያነሰ የሚጠቅመውም ይሄው ነው። ክብሪት ለ7 ዓመት ልጅ ኪስ አልሰጥም። ጭስ ለፈላጊ ምልክት ነው የሚለው ለትልልቆቹ ይበቃል።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገባ፤ ግማሾቹ ይጾማሉ። ቆሎና ዳቦ ይዘን ሐይቁ ዳር ወረድን።

መጀመሪያ ክልከላው፦ ውኃው ውስጥ እግር አይገባም። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው፤ ትሉ የሚገባው በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው። ሁለተኛ ጉማሬ። ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ ደንገሉ መሀል ዝቅ ብሎ የተቦረቦረ መንገድ ካያችሁ የእሱ ነው፤ በእሱና በውኃው መሀል አይቆምም፤ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ዳሩ ላይ አይታይም። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ያዩ ልጆች ሐይቁን የወፍ ቤት አድርገው ነው የሚያስቡት።

ከዚያ ፀሐይ ውኃን እንዴት እንደምታክም። ንጹሕ ወለል ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ፣ ልጣፉ የተላጠ። ውኃውን ሞልቶ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማጋደም፤ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ውኃው ከደፈረሰ ግን ጨረሩ አያልፍም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጠርሙሱን ጋዜጣ ላይ አቁሞ ከላይ በአፉ በኩል ቁልቁል ማየት፤ የርዕሱ ፊደል ካልተነበበ ገና ነው። ጥቁር ውኃ ከሚባለው ወንዝ የቀዳነው ፊደሉን ቀርቶ ጋዜጣ መኖሩንም አላሳየን። አሳድረነው ጠልሎ፣ በታጠፈ ነጠላ ተጠልሎ ነው እንደምንም የተነበበው። በነሐሴ ደመና ደግሞ ሁለት ቀን ማለት ነው። ማፍላት ይቀላል፦ ከታች ወደ ላይ እየተገላበጠ 1 ደቂቃ፤ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ 3 ደቂቃ። እኛ 1,700 አካባቢ ስለሆንን ውኃችን የሚፈላው ገና 94 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ነው፤ ጀርሙን ለመግደል ግን ይበቃል።

ሁለቱም ዘዴ የማይነካው ነገር አለ። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ሲፈላ ውኃው ይተናል እንጂ ፍሎራይዱ አይተንም። ጥርሳቸው የቡና መልክ የያዘ ሰዎችን ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። ይሄ ግን የዓመታት ጉዳት ነው፤ ለጠፋ ልጅ የአንድ ቀን ውኃ ፍሎራይድ አያሳስብም፤ ጥማቱ ያሳስባል።

ነሐሴ 10

የቡሄ ሰሞን ስለሆነ ገመድ ላስተምር ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ ልጆቹን ጅራፍ ግመዱ አልኳቸው። ከጎረቤት ያሉ እማማ እንሰት ፍቀው ያደረቁት ቃጫ ሰጡን። ሁለት እጅ ቃጫ ለየብቻ ወደ ቀኝ ይፈተላል፤ ሁለቱ ተጣምረው ወደ ግራ ይጠመዘዛሉ። በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎተቱ ነው የማይፈታው። ይሄን «ለምን?» ብዬ ጠይቄ ያስረዳችኝ ጅራፍ ይዛ የማታውቅ ሴት ልጅ ናት፤ ወንዶቹ ለማጮህ ሲሻሙ እሷ ፈትታ እየገመደች ስታይ ነበር። ቡሄ የማያከብሩትም ልጆች ጅራፍ ሲሆን ማንም ወደ ኋላ አላለም። ለመጠለያ ገመዱን አስረን የኮባ ቅጠል ደረብንበት፤ ያዘ። ሸምቀቆ ግን ለአንገት የማይሆን መሆኑን ጋሼ ረገጥ አድርገው ተናግረዋል።

ዕፅዋት፦ የሚበላ አላስተማርኩም። አንድ አባት «አጋምና ሾላ በልተን አይደል ያደግነው?» ብለው ተከራከሩኝ። ልክ ናቸው፤ ግን እሳቸውን ያሳዩአቸው ታላቆች ነበሩ። ሰው ያለ ምግብ ለሳምንታት ይቆያል፤ አንድ ቀን የጠፋ ልጅ ፍሬ መሞከር የለበትም። ያስተማርኩት የማይነካውን ነው፦ የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል፣ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ ማጠብ፤ የጉሎ ፍሬ፣ አስተናግር፣ ቢጫው እምቧይ አይቀመሱም። ሳማን ማስተማር አላስፈለገም፤ ራሷ አስተማረች።

እባብ ከነከሰ፦ አለመሮጥ፣ ጫማና አምባር ማውለቅ (ያብጣል)፣ እግሩን እንደተሰበረ አስሮ አለማንቀሳቀስ፣ ተሸክሞ ሐኪም ቤት። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማነቅ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጊዜ ከማባከን ሌላ ጉዳትም አለው።

ነሐሴ 17

ታቦር። እያንዳንዱን ልጅ ተዳፋቱ ላይ ለየብቻ አስቀመጥን፤ ሁሉንም ትልቅ ሰው ተደብቆ ያያቸዋል፤ እነሱ ግን አያውቁም። በአንገት ፊሽካ፣ በጀርባ ማዳበሪያ። ትእዛዙ አንድ ነው፦ ዛፋችሁ ጋ ቆዩ፤ ሰው ስትሰሙ ሦስት ጊዜ ንፉ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ደግማችሁ ሦስት። ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ምልክት የእርዳታ ጥሪ ነው፤ ሲጫወቱ የሚነፉት እንዳይመስል። ፈላጊ አድርጌ ያመጣሁት ልጆቹ አይተውት የማያውቁ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ነው። ስማቸውን ሰጠሁት።

ሮጣለሁ ያለው ልጅ አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ሐይቁ ከታየኝ ሠፈሬን አውቀዋለሁ ብሎ ቁልቁል ጀመረ። እሱን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት ሌሎቹ ያደረጉትን ነው። ባልደረባዬ የትንሿን ስም እየጠራ በአሥር እርምጃ አጠገቧ አለፈ። እኔ ከድንጋዩ ጀርባ ሆኜ አያታለሁ። ዛፉን ይዛለች። ፊሽካው ጥርሷ መሀል ነው። ጉንጯ ተነፍቷል፤ አልነፋችም። ስሟን ሁለተኛ ሲጠራት ማዳበሪያውን ፊቷ ላይ ሳበችና ተቀመጠች። እሱ ሄደ።

ስንሰበሰብ ከልጆቹ አብዛኞቹ እንዲሁ ዝም ብለው እንዳሳለፉት ታወቀ። «ለምን?» አልኳት ትንሿን። «እማዬ ለማላውቀው ሰው መልስ አትስጪ ብላኛለች።» ከገጠር ከመጡት ወንድማማቾች ታላቁ ደግሞ እነሱ ዘንድ በጨለማ ስምህን የሚጠራህን እስኪደጋግም ዝም በለው እንደሚባል ነገረን፤ ጅብም ስም ይጠራል ይባላል። ጋሼ አልሳቁም። እሳቸውም እንዲሁ ነው ያደጉት።

ይሄ የእኛ ልጆች ብቻ ነገር አይደለም፤ በሌላ አገርም የጠፉ ልጆች ከፈላጊዎቻቸው ሲደበቁ መገኘታቸው በፍለጋ ሥራ የታወቀ ነው። ቁሙ ብለን አስተማርን፤ መቆሙን ቻሉበት። መሰማት ግን ከመቆም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጨዋ ልጅ ማለት ዝም የሚል ልጅ ነው ብለን አሳድገናቸዋል። ማታ ለወላጆች ነገርኩ። አንዳንዶቹ «ታዲያ ለማንም መልስ ይስጡ ልትይን ነው?» አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ከተማ ውስጥ ያለውን ሥጋት እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ፊሽካ መንፋት መልስ መስጠት አይደለም፤ ለማንም ይነፋል። ልጁ ከዛፉ ወደ ሰውየው አይሄድም፤ ሰውየው ነው የሚመጣው። እጅ ከመስጠት በፊት ግን የቤተሰብ ምሥጢር ቃል ይጠየቃል፤ ወላጅ ለፈላጊዎች የሚሰጠው። ቃሉን ካላወቀ ልጁ እዚያው ሆኖ መንፋቱን ይቀጥላል።

ነሐሴ 24

ምሥጢሩ ቃል ሳምንቱን አልዘለቀም። ሰኞ ዕለት ሁለት ልጆች እርስ በርስ ተነጋግረው፣ ረቡዕ ሠፈሩ ሁሉ አወቀው። ዛሬ ጠዋት እናቶች እንደገና ሰጧቸው፤ የተነገረ ቃል ይቀየራል የሚል ሕግ ጨምረናል።

ታቦር ላይ ደገምነው፤ ፈላጊው ሌላ እንግዳ ሰው። ሯጩ ቆየ፤ ሰዓቱን ከእህቴ ልጅ ተውሶ እንጨት ተክሎ ጥላ ሲጠብቅ ነው የተገኘው። ጥላው ግን ምንም አላለው፤ በዚህ ሳምንት ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ከ6 ሰዓት ተኩል አካባቢ የ1 ሜትር እንጨት ጥላ ከ3 እና ከ4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። «እንጨቱም ተበላሸ» አለኝ። ጠጠሩን አስቀምጦ እንዲጠብቅ ነገርኩት፤ ቆይቶ ምሥራቅን አገኘ።

ትንሿ ነፋች። ሦስት፣ ዕረፍት፣ ሦስት። ሰውየው መጥቶ አጠገቧ ሲቆም ግን ፊሽካውን ከአፏ ሳታወጣ «ቃሉን ንገረኝ» ለማለት ሞክራ ፊሽካው ራሱ ጮኸ። አወጣችውና በአንድ ትንፋሽ «ቃሉን ካላወቅክ ሂድ» አለችው። አወቀው። ከዛፉ የለቀቀችው ግን እኔን ካየች በኋላ ነው፤ በዚህ አልከራከራትም።

ሳይሠራ የቀረው የምሽቱ ነው። ጅብ ስታዩ አትሩጡ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ተጠጋግታችሁ ቀስ እያላችሁ ራቁ የሚለውን ከመሸ በኋላ አላሙራ ላይ ልናደርገው ነበር፤ ወላጆች አልፈቀዱም፤ ጋሼም ከእነሱ ጋር ናቸው። በቀን በቃል ነግረናቸዋል። ዝናቡ ካበቃ በጥቅምት፣ ወላጆች ባሉበት ወንዶ ገነት እናድራለን የሚል ሐሳብ አለ፤ የድንኳን ነገር ገና ነው።

ፊሽካዎቹን ልጆቹ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ከትምህርት ቤት ቦርሳ ዚፕ ጋር በቃጫ አስረንላቸዋል። አምስት ቤት ደውሎልኛል፤ ሁሉም ቤት ውስጥ መንፋት ክልክል ነው የሚል ሕግ እንዳወጣ ይለምናል። አውጥቻለሁ።